ለአሞራ የታረደው ሙክት

እኔ ወፍ መመልከት የጀመርኩት ወድጄ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። ሌላው ሰው ስለ ወፍ ሲያወራ የላባውን ቀለምና የድምፁን ዜማ ያነሣል። እኔ ወፍ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ ወደ አፌ የሚመጣው "ስንት ኪሎ ይሆን?" የሚል ነበር። አሰብ አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ጠባቂ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት፣ በዚያ ሁሉ ክንፍ መካከል እየዋልኩ፣ አንድም ወፍ በደስታ አይቼ አላውቅም።

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ማኮብኮቢያውን ከጫፍ ጫፍ መዞር፣ ግመል ካለ ግመሉን፣ ፍየል ካለ ፍየሉን፣ ወፍ ካለ ወፉን ማባረር። ግመል ባለቤት አለው፤ ሰላም ትለዋለህ፣ ትለምነዋለህ፣ ሲብስብህ ትቆጣዋለህ፣ እሱም እየሳቀብህ ይነዳልሃል። ወፍን ግን ማን ብለህ ትለምነዋለህ?

በተቀጠርኩ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ንስር ሊያርፍ ከወረደ አውሮፕላን መስታወት ጋር ተላተመ። ሰው አልሞተም። አብራሪው ግን ሸሚዙ ደም በደም ሆኖ፣ ደሙ የእሱ ይሁን የንስሩ ሳይለይ፣ ደረጃው ላይ ቆሞ "ውሃ ስጡኝ" አለ። ውሃውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ብርጭቆው እጁ ላይ እየተንቀጠቀጠ ጥርሱን ሲመታው ዛሬም ይሰማኛል። ሁሉም ከሄደ በኋላ የሞተውን ንስር ከማኮብኮቢያው አንሥቼ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የመንገደኛ ሻንጣ በሚመዘንበት ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። አምስት ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ይህችን የምታህል ነገር ያንን የሚያህል ብረት ልትጥል ነበር እኮ አልኩ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ከዚያ ቀን ወዲያ ቁራጭ ወረቀት በነፋስ ስትነሣ ልቤ አብራ ትነሣ ጀመር።

ከአንድ መርከበኛ አቅርቦ ማያ መነጽር ገዛሁና አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ። ደሴ ነው ያደግሁት፤ ደጋ ያደገ ሰው ወቅትን የሚያውቀው በዝናብ ነው። አሰብ ዝናብ የት አለና! እዚያ ሌላው ሰው ወቅቱን በሙቀቱና በነፋሱ ሲለይ እኔ በፍርሃቴ ልለየው ለመድኩ። ሐምሌና ነሐሴ፣ ያገሬ ሰው በብርድ በሚንቀጠቀጥበት ጊዜ፣ አሰብ እሳት ናት። ቁራ እንኳ አፉን ከፍቶ ከግድግዳ ጥላ ወደ ግድግዳ ጥላ በእግሩ ይሄዳል። ሰማዩ ባዶ ስለሆነ ያኔ በላብ እየተጠመቅሁም ቢሆን እንቅልፍ ይወስደኛል። መስከረም ሲጠባ ትንንሾቹ፣ ጅራታቸው እንደ መቀስ የተከፈለው፣ ባሕር ተሻግረው መጥተው የቴሌፎን ሽቦ ላይ ይደረደራሉ። እነሱን ብዙም አልፈራቸውም። እነሱ ሲመጡ ግን ከኋላቸው ማን እንደሚመጣ አውቃለሁና መነጽሬን መወልወል እጀምራለሁ።

ጥቅምትና ኅዳር! ከየመን በኩል ጭላቱ፣ ንስሩ፣ ነጩ ጥንብ አንሳ፣ ሁሉም ሸክፎ ይነሣል። ዋናው መተላለፊያቸው ባሕሩ በሚጠብበት በደቡብ በኩል እንደሆነ ከበይሉል የሚመጡት ዓሣ አጥማጆች ነግረውኛል። ነፋስ የገፋው ግን ወደ እኛ ነው የሚመጣው፤ ደክሞት፣ ርቦት፣ የሚበላ ፍለጋ ዓይኑ ፈጦ። ማለዳ ላይ ሁሉም መሬት ላይ ነው። ከባድ አሞራ አሸዋው ግሎ አየሩ ወደ ላይ ካላነሣው በቀር መብረር ያቅተዋል። ስለዚህ ማለዳ የሚመጣ አውሮፕላን ለእኔ የተባረከ ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ የሚመጣውን ግን በስለት ነበር የማሳርፈው።

ከጥር ጀምሮ ደግሞ ሳሊና በምንለው የጨው ማምረቻ ኩሬ ውስጥ እነዚያ እግረ ረጃጅም ሮዝ ወፎች ይቆማሉ። ሚስቴ እነሱን ስትወድ! እሑድ እሑድ ታስወስደኝና ዳር ላይ ቆማ "እያቸው እንግዲህ፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ወንዝ የሚሻገሩ ሴቶች አይመስሉም?" ትለኛለች። እኔ መነጽሬን አንሥቼ "እነዚህ ደግሞ ስንት ኪሎ ይሆኑ ይሆን?" እላለሁ። "አንተ ሰውዬ፣ ሥጋ ሻጭ ነህ እንዴ?" ብላ ትስቃለች። ሳቋ ደስ ይለኝ ስለነበር አንዳንዴ ሆን ብዬ እጠይቅ ነበር። መጋቢትና ሚያዝያ ያለፉት አሞሮች ወደ መጡበት ሲመለሱ እንደገና ጭንቀት ነው። ከዚያ ሙቀቱ ይመጣና ያሳርፈኛል።

እንግዲህ ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ያረገዘችው የነዳጅ ማጣሪያው ተሠርቶ ባለቀበት ሰሞን ነው። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነውና፣ ደግሞም ያንን ሙቀት ሆድ ይዛ አትችለውምና፣ ግንቦት ላይ አዲስ አበባ እናቷ ዘንድ ሰደድኳት። ሰማዩን አይቼ ቀኑን የመረጥኩላት እኔ ነኝ። በሐምሌ መጨረሻ ሴት ልጅ ተገላገለች። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ግን ምን ያደርጋል፣ እልልታው ሳያልቅ ጣቴን ማጠፍ ጀመርኩ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀን ነው። ከሐምሌ መጨረሻ ሰማንያ ቀን ሲቆጠር የት ይወድቃል? ጥቅምት! ከዓመቱ ውስጥ የአሞራው ወር ላይ።

ጎረቤቴ የካሚዮን ሾፌር ነበር፤ ከአሰብ አዲስ አበባ የሚመላለስ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ፣ ድምፁ ከሞተሩ የማያንስ፣ ሆዱ ግን የየዋህ ሰው። ጋሼ ነው የምለው። በእሱ ላክሁባት፤ "እባክሽ ታኅሣሥ እስኪጋመስ እናትሽ ጋ ቆዪ፣ አሁን ሰማዩ ጥሩ አይደለም በላት" ብዬ። በመኪና እንዳትመጣ ደግሞ ያ በረሃ ለአራስ ልጅ ከአሞራ የባሰ ነው። ጋሼ ተመልሶ ሲመጣ ገና ከካሚዮኑ ሳይወርድ ሳቁ ቀደመው። "'ወፎቹ እስኪያልፉለት እኔ እናቴ ቤት ልሸብትለት ነው ወይ በለው' ብላሃለች። ልጅቷ ክርስትና እንደተነሣች በመጀመሪያው አውሮፕላን ትመጣለች። ደሞ ልጅቷ አንተኑ ነው የምትመስለው፣ እግዜር ይሁናት እንጂ!" አለኝ። እሱ ይስቃል፣ እኔ ደሜ ቀዝቅዟል። ያን ጊዜ ካሚዮኑ ላይ ከጭነቱ ጋር አንድ የወሎ ሙክት ታስሮ ቆሞ ሲያመሰኳ አይቼ ነበር። ጋሼ የአሰብን ፍየል "አጥንት ነው" ብሎ ስለሚንቅ ለራሱ ቤት ያመጣው መስሎኝ አልጠየቅሁትም።

እሷ የምትመጣበት ቀን ሲቃረብ ያላደረግሁት የለም። ቄራ ሄጄ የሚጣለውን አንጀትና ጨጓራ ሁሉ በዚያ ሰሞን እንዲቀብሩልኝ ለመንኩ። ዓሣ የሚዘረግፉትን ሰዎች ለመንኩ። አለቃዬን ደግሞ አሰለቸሁት። አለቃዬ ራዲዮውን ራሱ ይዞ ከአብራሪዎች ጋር የሚነጋገር፣ ቀጭን፣ ንግግሩ እንደ ሚጥሚጣ የሚያቃጥል ሰው ነበር። ከዚያ ቀደም ሁለት ጊዜ "ወፍ! ወፍ!" ብዬ ጮኼ አውሮፕላን አስዞሬዋለሁ፤ አንዱ የባሕር ወፍ ሆኖ በራሱ ጊዜ ሄደ፣ አንዱ ደግሞ፣ ለማውራት ያሳፍራል፣ የሲሚንቶ ከረጢት ነበር። "ከእንግዲህ ለከረጢት ብዬ ሰው አየር ላይ አላንከራትትም" ብሎ ቆርጦ ነግሮኛል።

ቀኑ ደረሰ። ማለዳ ተነሥቼ ማኮብኮቢያውን በእግሬ ዞርኩት፤ ንጹሕ ነው። አንድ ቁራ ብቻ ነበር፣ እሱንም በድንጋይ ሸኘሁት። አውሮፕላኑ ሁለት ሰዓት ላይ ይደርሳል ተብሎ ስለነበር አሸዋው ሳይግል መውረዷ ነው ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሼ ሰፋ አለ። ጢሜን ተላጭቻለሁ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሻለሁ። ሁለት ሰዓት ሲሆን አለቃዬ በመስኮት ብቅ አለና "ገና አሁን ነው ከአዲስ አበባ የተነሣው፣ ጉም ይዞት ነበር" አለኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል! ፀሐይዋን አየሁ። ብትጎተት ኖሮ በጥርሴም ቢሆን ጎትቼ ባዘገየኋት።

አራት ሰዓት ገደማ ሆነ። አሸዋው ላይ አየሩ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። አንድ ጭላት ዝቅ ብሎ በራሴ ላይ አለፈ። ጭላት ዝም ብሎ ሲንከራተትና የሚሄድበትን ሲያውቅ አበራረሩ ይለያል፤ ይሄኛው የሚሄድበትን ያውቃል። ሌላ ተከተለው። ከዚያ ሌላ። ወደ ላይ መነጽሬን ባነሣ፣ ወይ ጉድ! ነጩ ጥንብ አንሳ፣ ንስሩ፣ ቡናማው፣ ጥቁሩ፣ እንደ ወንፊት እየተሽከረከሩ ቁልቁል ይወርዳሉ። ልቆጥር ጀምሬ ተውኩት። ጭላቶቹ ወደሚያመሩበት፣ ማኮብኮቢያው ወደሚያልቅበት ጫፍ ነፍሴን ሳላውቅ ሮጥኩ።

የጋሼ ካሚዮን እዚያ ቆሟል። እስፖንዳው ላይ፣ በካሚዮኑ የጎን ሳንቃ ላይ ማለት ነው፣ ያ የወሎ ሙክት ተገፎ ተሰቅሏል። አሸዋው ላይ ደሙ ገና ያብረቀርቃል፣ አንጀቱ ቆዳው ላይ ተዘርግፏል። ጋሼ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ቢላዋውን ይዞ፣ ፊቱ በርቶ "እንኳን ማርያም ማረቻቸው!" አለኝ።

"ምን አድርገህ ነው ጋሼ?! እዚህ?!"

"እና የት ላርድ? አዲስ መኪና እንኳ ያለ ደም መንገድ አይወጣም፣ ጎማው ደም ካልነካ ይገለበጣል። ልጅህ አሰብን ስትረግጥ ደሙን ተሻግራ ትግባ እንጂ! አንተ ለወፍ ስትጨነቅ ይሄን እንደምትረሳ አውቄ ነው።"

ከወሎ ድረስ በበረሃው ውሃ እያጠጣ ያመጣው በግ ነው። የኔ ልጅ እንዳትገለበጥ ብሎ ነው። እየወደደኝ ሊገለኝ ነበር። በጣቴ ወደ ሰማይ አሳየሁት። ቀና ብሎ አየና "እና? አሞራ ነዋ። ሥጋ ሲያይ ይመጣል" አለ።

ወደ አለቃዬ ሮጥኩ። ገና በሩ ላይ ሳለሁ "ደግሞ ምን አየህ? ከረጢት?" አለኝ። "የምለው እውነት ነው፣ ውጣና እይ፣ አሞራው ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ ነው!" እያልኩ ድምፄ ተሰነጠቀ። "አውሮፕላኑ ሊታይ ነው፤ ሥራህ ማባረር አይደል እንዴ? ሂድና አባር!" አለና ፊቱን ወደ ራዲዮው መለሰ።

ጣሳ ቀጥቅጬ፣ ጮኼ፣ ድንጋይ ወርውሬ ሞከርኩ። ለራበው አሞራ ጣሳ ምኑ ነው? እልፍ ይልና ተመልሶ ይመጣል። ያን ጊዜ ነው አሞራውን ከሥጋው ማራቅ ካልቻልኩ ሥጋውን ከአሞራው መንገድ ማራቅ ነው ያልኩት። ሙክቱን ከተሰቀለበት አውርጄ ካሚዮኑ ላይ ወረወርኩት።

"አንተ! ጤነኛ ነህ? በጌን ወዴት ነው?"

"ጋሼ፣ በማርያም! ንዳ! ወደ ባሕሩ ንዳልኝ! ያለችው እዚያ ላይ ነው፣ ልጄ እኮ ናት ያለችው!"

ሰውዬው ፊቴን አየ። ምን እንዳየበት አላውቅም፤ ቢላዋውን ጥሎ ወደ መሪው ዘለለ። ደሙ ላይ በእግሬ አሸዋ ገፋሁበት፣ አንጀትና ጨጓራውን በቆዳው ጠቅልዬ ላይ ወጣሁ። ካሚዮኑ እየዘለለ ከማኮብኮቢያው ራቀ። እኔ ኋላ ላይ ቆሜ አንጀቱን በእጄ ከፍ አድርጌ አሳያቸዋለሁ፤ "ኑ! እዚህ! ኑ በሉ!" እያልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ "ሂዱ" ስላቸው የኖርኩ ሰው ያን ቀን "ኑ" ብዬ ለመንኳቸው። ጭላቶቹ ተከተሉኝ። ንስሮቹና ጥንብ አንሳዎቹ ግን አልተከተሉኝም፤ ከላይ ሆነው ይዞራሉ፣ ደሙ የነበረበት ላይ።

ባሕሩ ዳር ደርሰን አንጀቱን ጭቃው ላይ በተንኩት። ጭላቶቹ ወረዱበት። ትልልቆቹ አልወረዱም። ሳምባውን ወረወርኩ፣ ጉበቱን ወረወርኩ። ጋሼ ከመሪው ወርዶ መጣና ራሱን ያዘ። "ጉበቱንም?" ቢላዋው እዚያው ቀርቷል፤ የእሱን መጥረቢያ ከወንበሩ ሥር አወጣሁና ሽንጡን ገነጠልኩ። "ኧረ ሽንጡን ተው! ለአራስ እኮ ነው!" አንድ ንስር ክንፉን ሰብስቦ ቁልቁል መጣ። ከዚያ ሌላ። ፍርምባው፣ የፊት እግሩ፣ ሁሉም ሄደ። ነጮቹም መጡ፤ ተጋፍተው፣ ተናክሰው፣ ጭቃው ሁሉ ክንፍ ሆነ። ታፋውን ሳነሣ ጋሼ እጄን ያዘኝ፤ "ታፋውን አይሆንም" አለ። ልክ ያን ጊዜ የሞተር ድምፅ ሰማን። ጋሼ እጄን ለቀቀና ታፋውን ራሱ ተቀብሎ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ወረወረው።

አውሮፕላኑ ከተራራው በኩል ብቅ አለ። ዝቅ አለ። ዝቅ አለ። ሊነካ ነው ስል አፍንጫውን ድንገት ወደ ላይ ቀና አደረገና ሞተሩ እያጓራ በላያችን አልፎ ወደ ባሕሩ ወጣ። በቃ ተመታ አልኩ። ጭቃው ውስጥ ተንበረከክሁ። ስንት ጊዜ "ማርያም" እንዳልኩ እንጃ። ጋሼ በቁሙ ያማትባል። አውሮፕላኑ ባሕሩ ላይ ሰፊ ዙር ዞረና፣ በሌላው ጫፍ፣ ምንም ወፍ በሌለበት በኩል፣ ቀስ ብሎ ገብቶ መሬት ነካ። አቧራው ሲነሣ አየሁት።

ካሚዮኑ እንዴት እንደመለሰን አላስታውስም። ስንደርስ ደረጃው ተቀጥሏል። አለቃዬ እዚያ ቆሟል፤ በአጠገቡ ሳልፍ ወደኔ ሳያይ "አውሮፕላኑን ያዞርኩት ወፉን ፈርቼ አይደለም፣ ፊትህን ፈርቼ ነው" አለኝ።

ሚስቴ ልጇን በነጠላዋ አቅፋ ወጣች። እኔን ስታይ ጮኸች። ያ ነጭ ሸሚዜ፣ እጄ እስከ ክርኔ፣ ፊቴ ሁሉ፣ ደም በደም ነው። "ወይኔ! ምን ሆነህ ነው?!"

"የበግ ነው፣ የበግ ነው" አልኩ። "እንኳን ማርያም ማረችሽ።"

"የበግ?" አለች፤ ቀስ ብላ ወደ ጋሼ ዞረች። "ደግሳችሁልኛል ማለት ነው? ሥጋው የታል?"

"እንግዶችሽ ቀድመውሽ በሉት፣ እመቤት" አለ ጋሼ፤ ባዶውን ካሚዮኑን እያየ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ካሚዮን ሾፌር ባለበት ሁሉ "ለአሞራ የደገሰው" ሆኜ ቀረሁ።

እሷ አልሳቀችም። የሆነ ነገር ልትነግረኝ ቸኩላለች። "እሱን ተወው። ምን እንዳየን ብታውቅ! ልናርፍ ስንል አንድ ትልቅ ወፍ፣ እዚህ፣ እዚሁ መስኮቱ አጠገብ መጣ! ቡናማ ነው። የክንፉ ላባ አንድ በአንድ ሲለያይ ይታየኝ ነበር። ዓይኑ እንኳ ታየኝ። ከዚያ አውሮፕላኑ ሽቅብ ወጣና ሆዴን ገለበጠው እንጂ፣ እንዴት ያምር ነበር! ልጅቷን ከፍ አድርጌ አሳየኋት። 'እይ፣ አባትሽ ነው የላከው፣ ሊቀበለን' አልኳት።"

እዚያው አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ሰው ብርጭቆ ውሃ ሰጠኝ፣ ጥርሴን እየመታ ጠጣሁት። ሚስቴ የደነገጥኩት ከደስታ የተነሣ መስሏት ጎንበስ አለችልኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ትስቅ ነበር።

"ደግሞ 'ስንት ኪሎ ነው' እንዳትለኝ" አለች። "እንካ፣ ይልቅ ይህችን መዝናት።"

በደም የራሰውን ሸሚዜን አወለቅሁ። እጄን በቀረው ውሃ ታጠብኩና ተቀበልኳት። ተኝታለች። እጄ ያንን ክብደት ያውቀዋል፣ አንድ ጊዜ ከማኮብኮቢያው ላይ አንሥቶታል። ልክ ያንን የሞተ ንስር ታህል ነበር።